ቀበቶው ሳይበጠስ ጭነቱ ለምን ተንሸራተተ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ባለ 12 ሜትር ክፍት ተሳቢ አለኝ፤ ወለሉ ፕላይውድ ነው። በእንጨት ሳጥን የታሸገ 6 ቶን ማሽን መሃል ላይ ጭኜ፣ ከላይ አሳልፌ በ4 ቀበቶ አሰርኩት። እያንዳንዱ ቀበቶ 5 ቶን የሚችል ነው፤ በድምሩ 20 ቶን ማለት ነው። ድንገት ፍሬን ስይዝ ግን ሳጥኑ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ሄደ። አንድም ቀበቶ አልተበጠሰም። ምን አጠፋሁ? ስንት ቀበቶስ ይበቃዋል?»

ቀበቶዎቹ አለመበጠሳቸው ራሱ መልሱን ይዟል። ከጭነቱ በላይ አልፎ በግራና በቀኝ ወደ ወለሉ የሚወርድ ቀበቶ፣ ጭነቱ ወደ ፊት ሲሄድ ወደ ኋላ ጎትቶ አያስቀረውም። ሥራው ወደ ታች መጫን ብቻ ነው። ጭነቱን የሚይዘው በሳጥኑ ግርጌና በወለሉ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ቀበቶው ሳጥኑን ወለሉ ላይ ይበልጥ ስለሚጫነው ሰበቃው ይጨምራል፤ አስተዋጽኦው ይኸው ነው። ስለዚህ ለዚህ ዓይነት አስተሳሰር «5 ቶን» የሚለው ቁጥር ምንም አይነግርዎትም። መታወቅ ያለበት ቀበቶው ለመበጠስ ስንት ይፈልጋል የሚለው ሳይሆን፣ እርስዎ በእጅዎ ወጥረውት እጅዎን ሲያነሱ ውስጡ ስንት ኃይል ይቀራል የሚለው ነው።

ይህም ተጽፏል። ቀበቶው ላይ የተሰፋችውን ሰማያዊ ጨርቅ ገልብጠው ያንብቧት (ሰማያዊ ቀለም ፖሊስተር መሆኑን ያሳያል፤ አረንጓዴ ከሆነ ፖሊአማይድ፣ ቡናማ ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው)። ባለ 50 ሚሊሜትር ቀበቶ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥሮች ያገኛሉ። ኤልሲ የሚለው ቀበቶው በቀጥታ ሲጎተት የሚፈቀድለት አቅም ሲሆን በአብዛኛው 2500 ዴካኒውተን ነው፤ ጭነቱን ዞሮ ሲመለስ 5000 ይባላል፤ «5 ቶን» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ኤስኤችኤፍ የሚለው እጀታውን የሚጎትቱበት የእጅ ኃይል ነው፤ 50 ነው። ሦስተኛው ኤስቲኤፍ ነው፤ እጀታውን በዚያ ኃይል ጎትተው ከለቀቁ በኋላ ቀበቶው ውስጥ የሚቀረው ውጥረት። ይህ ለተለመደው መወጠሪያ ከ300 እስከ 500 ባለው ክልል ውስጥ ነው። አንድ ዴካኒውተን የ1 ኪሎ ክብደት ያህል ስለሆነ ከዚህ በኋላ በኪሎ እቀጥላለሁ። ከ5000ው ውስጥ የእርስዎን ሳጥን እየተጫነ የነበረው ወደ 400 ኪሎ ብቻ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። የአውሮፓ መስፈርት ኢኤን 12195 ክፍል 1 የሚነሳው ከዚህ ነው፦ በመንገድ ላይ ጭነት ከክብደቱ 80 በመቶ በሚያህል ኃይል ወደ ፊት፣ 50 በመቶ በሚያህል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝና ወደ ኋላ ሊገፋ እንደሚችል ተቆጥሮ መታሰር አለበት። የአሜሪካ ደንብም የሚጠቀመው እነዚህኑ ቁጥሮች ነው። የፊቱ የሚበልጠው ከባድ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን አጥብቆ ሲይዝ የሚፈጠረው ግፊት በኩርባ ላይ ከሚፈጠረው ስለሚበልጥ ነው። የእርስዎ 6000 ኪሎ እንግዲህ በ4800 ኪሎ ኃይል ወደ ፊት ሊገፋ ይችላል።

በመጋዝ በተሰነጠቀ እንጨትና በፕላይውድ ወለል መካከል ያለው የሰበቃ መጠን በመስፈርቱ ሰንጠረዥ 0.45 ነው። ሳጥኑ ያለ ምንም ቀበቶ 6000 በ0.45፣ ማለትም 2700 ኪሎ በራሱ ይይዛል። የጎደለው 2100 ነው። አንድ ቀበቶ በ400 ኪሎ ተወጥሮ ከወለሉ ጋር 60 ዲግሪ ከሠራ፣ ሁለቱ ጎኖቹ ተደምረው ወደ 693 ኪሎ ወደ ታች ይጫናሉ። ይህ በ0.45 ሲባዛ 312 ኪሎ ሰበቃ ይሰጣል። አንድ ቀበቶ የሚጨምርልዎ ይህን ብቻ ነው። አራቱ አንድ ላይ 1250 ገደማ ይሆናሉ፤ ከሚያስፈልገው ወደ 850 ኪሎ ይጎድላል። ሳጥኑ የሄደው በዚህ ጉድለት ነው። መስፈርቱ ለፊት አቅጣጫ ይህን 1.25 ጊዜ አባዝታችሁ ቁጠሩ ስለሚል፣ 2100 ለ312 ተካፍሎ በ1.25 ሲባዛ 8.4 ይመጣል፤ ማለትም 9 ቀበቶ።

ዘጠኝ ቀበቶ ገዝተው እንዲደረድሩ ግን አልመክርም። የሒሳቡ ጥቅም የቱን ቢነኩ ውጤቱ እንደሚለወጥ ማሳየቱ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚለውጠው ደግሞ ወለሉ ነው። ከሳጥኑ ሥር የጎማ ምንጣፍ ቢገባ ሰበቃው 0.6 ይሆናል። ሳጥኑ በራሱ 3600 ይይዛል፤ የጎደለው 1200 ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቀበቶም አሁን የሚጨምረው 416 ነው። ውጤቱ 4 ቀበቶ። ያው የእርስዎ አራት ቀበቶ፣ ያው ሳጥን፣ ያው ፍሬን፤ ልዩነቱ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጎማ ብቻ። በተቃራኒው በብረት እግር የቆመ ጭነት ባለ ቦይ የአሉሚኒየም ወለል ላይ ቢሆን 0.3 ነው፤ የቀበቶው ቁጥር ወደ 18 ይጠጋል። ወለሉ አሸዋ፣ አቧራ ወይም በረዶ ካለበት ከ0.2 በላይ መቁጠር አይፈቀድም፤ ያኔ ከ30 ቀበቶ በላይ ይመጣል፤ በሌላ አነጋገር ከላይ አሳልፎ ማሰር አይሠራም ማለት ነው። ዘይት የነካው ወለል ደግሞ ከነጭራሹ አይገመትም፤ ታጥቦ መድረቅ አለበት። ከመጫንዎ በፊት መጥረጊያ ይዘው ወለሉን መጥረግ ከብዙ ቀበቶዎች የሚበልጥ ሥራ ነው።

ስለ ጎማው ምንጣፍ ሁለት ነገር ይታወቅ። አንደኛ፣ ጭነቱ ሙሉ በሙሉ ምንጣፉ ላይ መቆም አለበት፤ አንድ ጥግ እንኳ ወለሉን ከነካ ክብደቱ ወደዚያ ይሄድና 0.6 ብሎ መቁጠር አይቻልም። ሁለተኛ፣ ከጭነቱ ሥር የሹካ ማንሻ እንዲገባ ጣውላ ካደረጉ ምንጣፉ በጣውላውና በወለሉ መካከልም፣ በጣውላውና በጭነቱ መካከልም መግባት አለበት። አንዱን ብቻ ካደረጉ ጭነቱ በሌላኛው በኩል ይንሸራተታል። ጣውላው ራሱ በጠባብ ጎኑ አይቁም፤ በሰፊው ጎኑ ይተኛ። በጠባቡ የቆመ ጣውላ ፍሬን ሲያዝ ይገለበጥና እንደ መንኮራኩር ጭነቱን ተሸክሞ ይሄዳል።

ሁለተኛው የሚለወጠው ነገር የቀበቶው አቅጣጫ ነው። ሳጥኑ አጭር ሆኖ ቀበቶው ከወለሉ ጋር 30 ዲግሪ ብቻ ቢሠራ፣ ወደ ታች የሚጫነው ኃይል ከ693 ወደ 400 ይወርዳል፤ በፕላይውዱ ላይ 9 የነበረው 15 ይሆናል። ዝቅ ያለና ሰፊ ጭነት ከላይ አሳልፎ ማሰር የማይሆነውም ለዚህ ነው። ቀበቶውን የቱንም ያህል ቢወጥሩት አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያውለው ሳጥኑን ከጎንና ከጎን በመጭመቅ ነው።

ሦስተኛው፣ ለእርስዎ ጭነት ከሁሉ የሚሻለው፣ ወደ ፊት የሚሄድበትን መንገድ መዝጋት ነው። ጭነቱ ከተሳቢው የፊት ግድግዳ ጋር ቢገናኝ የፊቱ ግፊት በግድግዳው ይያዛል፤ ለቀበቶዎቹ የሚቀረው የጎኑ ብቻ ነው፤ ለጎን የሚያስፈልገው 3000፣ ሳጥኑ በራሱ የሚይዘው 2700፤ ሁለት ቀበቶ ይበቃል። ነገር ግን ግድግዳው ይህን የሚችል መሆን አለበት። በኢኤን 12642 ኤል ደረጃ የተሠራ የፊት ግድግዳ የተሳቢውን የመጫን አቅም 40 በመቶ፣ ቢበዛ ግን 5000 ኪሎ እንዲችል ነው የሚጠበቅበት፤ ይህም ኃይሉ በሙሉ ስፋቱ ሲሰራጭ ነው። በአንድ ቦታ የሚወጋ ብረት ጫፍ ግድግዳውን ይበሳዋል። የዛገ፣ ብየዳው የተሰነጠቀ ወይም በኋላ ከላሜራ የተቀጠለ ግድግዳ ደግሞ እንደ ግድግዳ አይቆጠርም።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ እርስዎም ሳጥኑን መሃል ላይ ያስቀመጡት ለዚህ ይመስለኛል። 6 ቶን የያዘ አጭር ሳጥን ከፊት ግድግዳው ጋር ቢጣበቅ ክብደቱ በሙሉ በጎታቹ ላይ ይወድቃል፤ የኋላ ጎማዎቹ ይቀልላሉ፣ የጎታቹ አክስል ከድርሻው በላይ ሊጫን ይችላል። ስለዚህ መሃል ማስቀመጥዎ ትክክል ነው፤ የጎደለው ከፊት ያለውን ክፍተት መዝጋት ወይም ሳጥኑን በራሱ በቀበቶ ከፊት መያዝ ነው። ክፍተቱን በጠንካራ ጣውላ ፍሬም መሙላት ይቻላል፤ ነገር ግን 4 ሜትር የሚሆን ክፍተት በጣውላ መሙላት ብዙ እንጨት ይጠይቃል፣ ካልታሰረ ደግሞ ይበታተናል። ቀላሉ የሚከተለው ነው።

ሳጥኑ ፊት ላይ፣ ከፊት ጎኑ ጋር አስጠግተው አንድ ባዶ ፓሌት ወይም ሁለት ወፍራም ጣውላ አቁሙ። ቀበቶውን በፓሌቱ ፊት ለፊት በአግድም አሳልፈው፣ ሁለቱንም ጫፎች በሳጥኑ ሁለት ጎኖች ወደ ኋላና ወደ ታች ይዘው ተሳቢው ላይ ባሉት ቀለበቶች ያስሩ። ቀበቶው ከወለሉ ጋር 45 ዲግሪ ወይም ከዚያ ያነሰ ይሥራ። አሁን ሳጥኑ ወደ ፊት ሲሄድ ቀበቶው ራሱ ይይዘዋል፤ ስለዚህ የሚቆጠረው እጅዎ የተወው 400 ሳይሆን ኤልሲ፣ ማለትም 2500 ነው። ሁለቱ ጎኖች በ45 ዲግሪ ወደ ኋላ የሚይዙት ድምር 3535 ኪሎ ነው። ከላይ ቢያልፍ 312 የሚሰጥ ቀበቶ፣ በፊት ቢዞር ከአሥር እጥፍ በላይ ሰጠ ማለት ነው።

በዚህ አስተሳሰር መስፈርቱ ሰበቃውን በ0.75 አባዝቶ፣ ቀንሶ ይቆጥራል፤ ቀበቶው እስኪወጠር ጭነቱ ትንሽ መንቀሳቀሱ አይቀርምና። ስለዚህ 6000 በ0.45 በ0.75 ሲባዛ 2025፤ ከ4800 ሲቀነስ የጎደለው 2775። አንድ ቀበቶ ይሸፍነዋል። ሆኖም የተሳቢውን ቀለበት ይመልከቱ። ከ12 ቶን በላይ ለሆነ ተሽከርካሪ በኢኤን 12640 የሚጠበቀው የአንድ ቀለበት አቅም 2000 ኪሎ ነው፤ ቀበቶው 2500 ቢችልም ቀለበቱ ካልቻለ የሚቆጠረው 2000 ነው። ያኔ ድምሩ 2828 ይሆናል፤ ከሚያስፈልገው በ53 ኪሎ ብቻ ይበልጣል። እንዲህ ጠርዝ ላይ ያለ ነገር አይታመንም። ሁለት ቀበቶ በሁለት ከፍታ፣ በአራት የተለያዩ ቀለበቶች ይያዝ።

እንግዲህ ለዚህ ሳጥን የምመክረው አስተሳሰር ይህ ነው፦

1. ወለሉን መጥረግ፣ ማድረቅ፣ ከሳጥኑ እግሮች ሥር የጎማ ምንጣፍ ማንጠፍ።
2. ፊቱን በሁለት ቀበቶ በፓሌት ላይ አዙሮ ወደ ኋላ ማሰር።
3. ከላይ ሁለት ቀበቶ ማሳለፍ፣ በአራቱም ጠርዝ የማዕዘን መከላከያ ማድረግ።
4. የአንዱን ቀበቶ መወጠሪያ በግራ፣ የሌላውን በቀኝ ማድረግ።

በቁጥር ያው አራት ቀበቶ ነው።

አራተኛው ተራ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ቀበቶ ሹል ጠርዝ ላይ ሲያልፍ በጠርዙ ይታገታል፤ መወጠሪያው ባለበት ጎን 400 ቢኖር በሌላኛው ጎን ከዚያ በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሁሉም መወጠሪያ በአንድ ጎን ከተደረደረ ጭነቱ በአንድ ጎኑ ብቻ ተጭኖ ይሄዳል። የማዕዘን መከላከያ ብዙዎች ቀበቶው እንዳይቆረጥ ብቻ የሚደረግ ይመስላቸዋል፤ ቀበቶው ተንሸራትቶ በሁለቱም ጎን እኩል እንዲወጠር የሚያደርገውም እሱ ነው። ካርቶን አጥፎ ማስገባት ቀበቶውን ከመቆረጥ ለጥቂት ጊዜ ቢያድነውም ማንሸራተቱን አይሠራም፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይሟሟል።

የሳጥኑን ከፍታም ይለኩ። መንሸራተትን የሚከለክለው ጎማ መገልበጥን አይከለክልም፤ እንዲያውም ሥሩ የተያዘ ረጅም ጭነት ከመንሸራተት ይልቅ መገልበጥ ይቀናዋል። መለኪያው ቀላል ነው፦ የክብደቱ መሃል ከወለሉ ያለውን ከፍታ በ0.5 ያባዙ፤ ውጤቱ ከክብደቱ መሃል እስከ ጎን ጠርዝ ካለው ርቀት ከበለጠ ወደ ጎን ይገለበጣል። ለፊት በ0.8 ያባዙ። የክብደቱ መሃል 1.2 ሜትር ላይ የሆነ፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ማሽን፦ 1.2 በ0.5 ሲባዛ 0.6፤ እስከ ጠርዙ ያለው ግን 0.5 ብቻ። ይህ በኩርባ ላይ ይገለበጣል፤ ከላይኛው ክፍሉ በግራና በቀኝ በቀጥታ መያዝ አለበት። የክብደት መሃል ምልክት ሳጥኑ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ ከሌለ አሻጊውን ይጠይቁ። የማሽን ሞተር ብዙ ጊዜ በአንድ ጫፍ ስለሚሆን መሃሉን በዓይን መገመት ያሳስታል።

«የማሰሪያዎቹ ድምር ከጭነቱ ክብደት ግማሽ ከሆነ ይበቃል» የሚል አነጋገር ሰምተው ሊሆን ይችላል። ይህ የአሜሪካ ደንብ አካል ነው፤ የማሰሪያዎች የሥራ አቅም ድምር ከጭነቱ ክብደት ከግማሽ እንዳያንስ ያዛል። ርዝመትንም ይቆጥራል፦ ከፊቱ በምንም ያልተዘጋ ጭነት እስከ 1.52 ሜትርና እስከ 500 ኪሎ ከሆነ 1 ማሰሪያ፤ ክብደቱ ከዚያ ካለፈ ወይም ርዝመቱ እስከ 3.04 ሜትር ከሆነ 2፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 3.04 ሜትር ወይም ለከፊሉ አንድ ተጨማሪ። ይህ ዝቅተኛው ወሰን ነው። የእርስዎ አራት ቀበቶዎች ድምር 10,000 ስለሆነ ከ3000 በእጅጉ ያልፋል፤ ቆጠራውን አልፎም ሳጥኑ ተንሸራቷል። ቆጠራው ካላለፈ በእርግጥ አይበቃም፤ ቆጠራው ማለፉ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ጥያቄዎ ላይ ባይኖርም፣ ክፍት ተሳቢ ያለው ሰው ነገ ስካቫተር መጫኑ ስለማይቀር ስለ ሰንሰለት ጥቂት ልጨምር። በጎማ ወይም በካቴና የሚሄድ ማሽን ከላይ በቀበቶ አይታሰርም። የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ባልዲውና ክንዱ ወለሉ ላይ ወርደው ለብቻቸው ይታሰሩ፤ ሰንሰለቱ በሻንሲው ላይ በተዘጋጁት መያዣዎች ይግባ። 4536 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ማሽን የአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 4 ማሰሪያ ይጠይቃል፤ በአራቱ ማዕዘን። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት ሁሉም ሰንሰለት ወደ አንድ አቅጣጫ መጎተቱ ነው። ፍሬን ሲያዝ ማሽኑን የሚይዙት ከማሽኑ ተነስተው ወደ ኋላ የሚሄዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ወደ ፊት የሚጎትቱት ያን ጊዜ ይላላሉ።

12 ቶን ስካቫተር ሰበቃው 0.3 ነው ብንል፦ የፊት ግፊት 9600፤ በ0.75 ተቀንሶ ሰበቃ የሚይዘው 2700፤ የጎደለው 6900። ሁለቱ የኋላ ሰንሰለቶች ከወለሉ ጋርም፣ ከተሳቢው ርዝመት ጋርም 30 ዲግሪ ከሠሩ እያንዳንዳቸው ከአቅማቸው 75 በመቶውን ነው ወደ ኋላ የሚይዙት። ስለዚህ አንዱ ሰንሰለት 4600 ኪሎ መቻል አለበት። በአውሮፓ መስፈርት ባለ 8 ሚሊሜትር ሰንሰለት 4000 ነው፤ አይበቃም። ባለ 10 ሚሊሜትሩ 6300 ነው፤ ይበቃል። ቀለበቱም 4600 መቻል እንዳለበት ግን አይርሱ፤ የ2000 ኪሎ ቀለበት ላይ የገባ ባለ 10 ሰንሰለት 2000 ኪሎ ነው። ደግሞም የአሜሪካው ደረጃ 70 የሚባለው ያው 10 ሚሊሜትር የሚጠጋ ሰንሰለት የሥራ አቅሙ 3000 ኪሎ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በውፍረቱ አይተው ሳይሆን ሰንሰለቱ ላይ በተንጠለጠለው ብረት የተጻፈውን አንብበው ይወስኑ።

ሰንሰለትና ቀበቶን ለአንድ አቅጣጫ አያደባልቁ። የፖሊስተር ቀበቶ በአቅሙ ሲጎተት እስከ 7 በመቶ መለጠጥ ይፈቀድለታል፤ ሰንሰለት ግን ከሞላ ጎደል አይለጠጥም። ቀበቶው ገና ሲለጠጥ ሰንሰለቱ ሙሉውን ይሸከማል፤ ሁለት ማሰሪያ ያሎት ይመስልዎታል እንጂ የያዘው አንዱ ነው። የሰንሰለት መወጠሪያ ከሆነ ባለ ማንሻው ሲለቀቅ እጀታው በኃይል ተመልሶ አገጭና ክንድ ይሰብራል፤ ባለ ጥርሱ መወጠሪያ በእኔ ግምት ያለ ጥርጥር የተሻለ ነው። በየትኛውም መወጠሪያ እጀታ ላይ ቱቦ ቀጥሎ መወጠር ክልክል ነው። መወጠሪያው የተሠራው ለእጅ ጉልበት ነው፤ በቱቦ ሲወጠር ጥርሱ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ደግሞ ከውጭ አይታይም።

የቱቦና የፌሮ ጭነት ሌላ ባሕርይ አለው። በእስር የተደረደረ ፌሮ ከውጭ በቀበቶ ቢጫንም መሃል ያለው ዘንግ በሁሉም ጎኑ ብረት ስለነካው ሰበቃው ትንሽ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ከእስሩ ተምዘግዝጎ ወደ ጋቢና ይወጣል። ቀበቶ ወይም ሰንሰለት እስሩን ሙሉ ዙር ጠምጥሞ መጭመቅ አለበት፤ የፌሮው ጫፎችም ከጠንካራ የፊት ግድግዳ ጋር ይገናኙ፣ መሃላቸው ወፍራም ጣውላ ይግባ። ክብ ቱቦ ከሆነ በየንብርብሩ ጣውላ፣ በየጣውላው ጫፍ ሽብልቅ፤ ሽብልቁም በሚስማር ይያዝ። ሸራ ለዝናብ ነው፤ ምንም ያህል ቢወጠር እንደ ማሰሪያ አይቆጠርም።

ቀበቶዎን ከመጠቀምዎ በፊት ሁልጊዜ በሙሉ ርዝመቱ በእጅዎ ያሳልፉት። ጠርዙ ላይ ከወርዱ 10 በመቶ በላይ ከተቆረጠ፣ ማለትም በባለ 50ው ላይ 5 ሚሊሜትር፣ ይጣል። ስፌቱ ከተፈታ፣ በሙቀት የቀለጠና የደረቀ ቦታ ካለው፣ መንጠቆው ከተከፈተ፣ ጽሑፉም ከጠፋ እንዲሁ። ኤስቲኤፉን የማያውቁት ቀበቶ በሒሳብ ውስጥ አይገባም። ቋጠሮ አይደረግበት፤ ያጠረ ቀበቶን በቋጠሮ መቀጠል ጥንካሬውን ቋጠሮው ላይ በእጅጉ ይጥለዋል። በሰንሰለት ላይ ደግሞ ውፍረቱ 10 በመቶ ያለቀ ወይም ርዝመቱ ከ3 በመቶ በላይ የተለጠጠ ማያያዣ ካዩ ሙሉውን ሰንሰለት ከሥራ ያውጡ። መወጠሪያው ላይ ያለውን ጥቅልል ይቁጠሩ፦ ከአንድ ዙር ተኩል ካነሰ ይፈታል፤ ከሦስት ዙር ከበለጠ ጥቅልሉ ይወፍርና እጀታው የሚያገኘው ጉልበት ይቀንሳል፤ የተጻፈውን 400 አያገኙትም። ስለዚህ መጀመሪያ ትርፉን በእጅ ጎትተው ጨርሰው ከዚያ ነው በእጀታው መወጠር የሚጀመረው።

በመንገድ ላይ ውጥረቱ ይቀንሳል፤ የማይቀር ነው። የሳጥኑ እንጨት ዝቅ ይላል፣ ጣውላው ይጨመቃል፣ ቀበቶው ይለጠጣል፣ ጭነቱ በመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ቦታውን ያመቻቻል። የአሜሪካ ደንብ በመጀመሪያዎቹ 80 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቆሞ ማየትን፣ ከዚያ በኋላ በየ240 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በመጣው፣ ማየትን ያዛል። የመጀመሪያው ማቆሚያ ከሁሉም የበለጠ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው መላላት የሚከሰተው እዚያ ውስጥ ነው። ሲፈትሹ ቀበቶውን በመዳፍዎ መታ ያድርጉት፦ የተወጠረው ይንዘረዘራል፣ የላላው ድምፅ ሳይሰጥ ይረግባል። ወለሉንም ይዩ። የሳጥኑ እግር አጠገብ በኖራ ወይም በቀለም አንድ መስመር አስቀድመው ካሰመሩ፣ አንድ ጣት እንኳ ቢንቀሳቀስ ይታያል። መስመሩን አልፎ ካገኙት ቀበቶ መጨመር አይበቃም፤ ከሥር ምን እንዳንሸራተተው ፈልገው ያግኙ።

ሲያደርሱ ደግሞ ቀበቶውን ከመፍታትዎ በፊት ጭነቱን በሁለቱም ጎን ዞረው ይዩት። ያዘነበለ ጭነት በቀበቶው ብቻ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ መወጠሪያውን በከፈቱበት ቅጽበት ወደ እርስዎ ይመጣል። ያዘነበለ ከሆነ መጀመሪያ በክሬን ወይም በሹካ ማንሻ ይደገፍ፣ ከዚያ ካዘነበለበት በተቃራኒው ጎን ቆመው አንድ በአንድ ይፍቱ፤ ረዳቱም ሆነ ሌላ ሰው ባዘነበለበት ጎን አይቁም።